ቁስል ጠባቂዋ

የመጀመሪያ ታካሚዬን ያዳንኳት ያለ ፈቃዷ ነው። ያኔ የወተት ጥርሶቼ እንኳ ወልቀው አላለቁም ነበር፤ ታካሚዬ ደግሞ አክስቴ ነበረች። ዛሬ በአንድ ሆስፒታል የቁስልና የቃጠሎ ክፍል ነርስ ነኝ፤ ስንቱ በእጄ አልፎ ድኖ ሄዷል። እንደዚያ ክረምት የኮራሁበት ሕክምና ግን ኖሮኝ አያውቅም። ታካሚ በመዳኗ ያለቀሰችበት ሌላ ሕክምናም አላየሁም።

ነገሩ የተጀመረው በአባቴ ላውንደሪ ውስጥ ነው። ላውንደሪው እንደ ባቡር ፉርጎ ጠቦ የረዘመ ክፍል ነበር። ከበሩ ፊት ለፊት አባቴ የሚቆምበት ባንኮኒ፣ ከባንኮኒው ጀርባ ላስቲክ የለበሱ ልብሶች የተሰቀሉባቸው ረጃጅም ብረቶች፣ ከዚያ በመስኮቱ ሥር የአክስቴ መተኮሻ ጠረጴዛ፣ በስተመጨረሻም እናቴ ከማጠቢያ ገንዳዎቹ ጋር ስትታገል የምትውልበት እርጥብ ጓዳ ነበረ። ቤቱ ሁሌም ሳሙናና ትኩስ ጨርቅ ይሸት ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ውሎዬ እዚያው ነው፤ ሥራዬም ሰው እግር ሥር መግባት።

አባቴ በዚያ ቤት አንድ ሕግ ነበረው። ልብስ ሲመጣ ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ ነጭ ጨርቅ በመርፌ ቁልፍ ይሰካበታል፤ ተመሳሳይዋን ባለልብሱ ይዞ ይሄዳል። "ቁጥር ያመጣ ይወስዳል፤ ቁጥር ያላመጣ እናቴም ብትሆን አትወስድም" ይል ነበር። ይህንኑ በትልልቅ ፊደል ጽፎ ከጀርባው ለጥፎታል። አንድ ጊዜም አያቴ ሻርፗን ልትወስድ መጥታ ቁጥሯን ቤት ረስታው ኖሮ፣ እውነትም የገዛ እናቱን ባዶ እጇን መልሷታል። ሰው ይስቅበታል እንጂ በዚያ ቤት ልብስ ጠፍቶ አያውቅም።

አክስቴ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። ረጅም፣ ቀልጣፋ፣ ምላሷም እንደ ካውያዋ የሚያቃጥል ሴት ነበረች። ከጎናችን የምትሠራው ልብስ ሰፊ አንድ ቀን ለእናቴ በሹክሹክታ "ይቺ ልጅ እኮ ቆማ ቀረች፤ ታሳዝናለች" ስትላት ሰማሁ። እውነቷን ነው፤ አክስቴ ከጠዋት እስከ ማታ ቆማ ነው የምትተኩሰው። እኔም አዘንኩላትና ከጓዳ በርጩማ ጎትቼ አቀረብኩላት። "ቁጭ በይ እንጂ አክስቴ፤ ቆመሽ ስለቀረሽ ልብስ ሰፊዋ አዝናለች" አልኳት። አክስቴ በርጩማውን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ልብስ ሰፊዋ ግን ለብዙ ቀን በእኛ በር አላለፈችም። አክስቴም ከዚያ ወዲህ ስሜን ትታ "ጆሮ ጠቢዋ" ትለኝ ጀመር።

አንድ ጠዋት አባቴ ስልኩን ዘጋና ወደ መተኮሻው ጠረጴዛ መጣ። የደወለው በሌላ ከተማ የሚኖረው ታላቅ ወንድማቸው ነበር።

"ሚስቱ አልጋ ይዛለች" አለ አባቴ። "ልጆቹም ገና ናቸው። ቤቱን የሚይዝለት ሰው ይፈልጋል።"

"እና?" አለች አክስቴ፣ የሸሚዝ እጅጌ እየተኮሰች።

"እናማ አንቺን አሰብን።"

"እነማን ናችሁ ያሰባችሁት?"

"እሱና እኔ ነና።"

"ለስንት ጊዜ?"

አባቴ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። "እንግዲህ... ልጆቹ ራሳቸውን እስኪችሉ።"

የመጨረሻው ልጅ ያኔ ጡት አልጣለም ነበር። ይህንን ያሰላሁት ግን ካደግኩ በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት ለእኔ የታየኝ የትልቁ አጎቴ ቤት ነው። ፎቶው ሳሎናችን ተሰቅሏል፤ ፎቅ አለው፣ በረንዳ አለው፣ በረንዳው ላይ ደግሞ ተወዛዋዥ ወንበር አለ። አክስቴ ዕድሜ ልኳን ከመቆም ተገላግላ እዚያ ወንበር ላይ ልትወዛወዝ ነው ብዬ ቀናሁባት፤ ደስም አለኝ።

የአክስቴ ዓይን መስኮቱ ላይ እንዳለ የካውያው ጠርዝ የግራ እጇ አንጓ ላይ አረፈ። መጀመሪያ ሽታው መጣ፣ ጩኸቷ ዘግይቶ ተከተለ።

ቤቱ ታመሰ። አባቴ የጥርስ ሳሙና ይዞ ሮጠ። ልብስ ሰፊዋ ከየት እንደሰማች እንጃ፣ ቅቤ በወረቀት ይዛ ከች አለች። ሱሪውን ሊወስድ የመጣ ደንበኛ ከባንኮኒው ማዶ "ዱቄት ነው መድኃኒቱ! ዱቄት!" እያለ ይጮሃል። እናቴ ብቻ ቃል ሳትተነፍስ አክስቴን በክርኗ ይዛ ወደ ጓዳ ወሰደቻትና እጇን ከቧንቧው ሥር አደረገችላት። የቀሩት ተከራክረው እስኪደክማቸው ድረስ ቀዝቃዛው ውሃ ሲወርድ ቆየ። እናቴ ዞር ስትል ግን አባቴም ልብስ ሰፊዋም የየድርሻቸውን ቀቧት።

"ቁስል ይዘሽ የሰው ቤት አትገቢም" አለ አባቴ ሲረጋጋ። "እጅሽ እንደዳነ ግን ትሄጃለሽ። ቃል ሰጥቻለሁ።"

ስለዚህ በእኔ ሒሳብ በአክስቴና በተወዛዋዡ ወንበር መሐል የቆመው ያ ቁስል ብቻ ነበር።

ጤና ጣቢያው ከመንገዱ ማዶ ነው። ቁስል የሚያጥበውና የሚያሽገው ድሬሰር ወንድ ስለሆነ አባቴ አክስቴን ብቻዋን አልክም ብሎ እኔን ጠባቂ አድርጎ ጨመረኝ። ድሬሰሩ ከሲታ፣ ዝምተኛ፣ ሁሉን ነገር በዝግታ የሚሠራ ሰው ነበር። እሱ ፋሻ ጠቅልሎ እስኪጨርስ አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቀውን ሰው እንቅልፍ ይወስደዋል። ታካሚዎቹ "ጋሽ ቀስ በቀስ" ብለው ስም አውጥተውለታል፤ እየሰማም ይጠሩታል። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ብሎ ከመመለስ በቀር አይቆጣም።

የአክስቴን እጅ አገላብጦ አየና በእርጥብ ጎዝ ጨርቅ ሳሙናውንና ቅቤውን ማንሣት ጀመረ።

"ይሄን ሁሉ ማን ቀባዎት?"

"ወንድሜና ጎረቤታችን።"

"ውሃ አላፈሰሱበትም?"

"የወንድሜ ሚስት አፍስሳበታለች። ብዙ ቆየን።"

"ያከሙዎት እሳቸው ናቸው። የቀሩት ዳቦ ሊጋግሩ ነበር መሰለኝ።"

አክስቴ ሳቀች። እሱ ምን እንዳሳቃት ያልገባው ይመስል ቀና ብሎ አያትና ሥራውን ቀጠለ።

"ውሃ የቋጠረውን አያፍርጡት፤ ሰውነትዎ ራሱ የሠራው ፋሻ ነው" አለ። "በንጹሕ ውሃና በሳሙና ቀስ አድርገው ይጠቡት። ደርቆ እንዳይሰነጠቅ ቫዝሊን ይቀቡትና ይሸፍኑት። ቅርፊት ከያዘ አይንኩት። ቢያሳክክዎም ጥፍርዎን አያስጠጉት፤ ማሳከኩ የመዳን ምልክት ነው። እንቁላልና ባቄላ ይብሉ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "አንቺ ደግሞ ረዳቴ ነሽ። ይሄን ቁስል አደራ፤ ጠብቂልኝ።"

ትልልቅ ሰዎች ከልጅ ጋር ሲገናኙ የሚናገሩት ከጠፋቸው የሚሉት ዓይነት ነገር ነበር። እኔ ግን አደራ ተቀበልኩ። ከአባቴ አንድ ጥበቃ፣ ከድሬሰሩ ሌላ ጥበቃ፤ በአንድ ቀን ሁለት ሥራ ያገኘ ሰው ከእኔ በቀር አላውቅም።

ልንወጣ ስንል አክስቴ በር ላይ ቆመች። "ጋዎንዎን ማን ነው የሚተኩስልዎ?"

"እኔው ነኝ።"

"ያስታውቃል።"

ድሬሰሩ ወደ ኮሌታው አጎንብሶ አየ። አንደኛው ጫፍ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ነበር። መንገዱን ተሻግረን የእኛ በር ስንደርስ ከጤና ጣቢያው መስኮት ሳቁ ተሰማ፤ ሳቁም እንደሌላው ነገሩ ዘግይቶ የሚደርስ ነበር።

"ከነገ ወዲያ ይምጡ" ይላት ነበር ሁልጊዜ። ዛሬ እኔ እንዲህ ያለ ትንሽ ቃጠሎ ይዞ ለመጣ ሰው ቤቱ እንዲያጥበው አስተምሬ በሳምንት አንዴ ብቅ በል ነው የምለው። ያኔ ግን ከነገ ወዲያን እንደ ትጋት ቆጠርኩለት። አክስቴም ከነገ ወዲያ በደረሰ ቁጥር ገላዋን ታጥባ፣ ጸጉሯን አስተካክላ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሳ ነው የምትሄደው። ለቁስል ንጽሕና ወሳኝ ነው፤ በትክክል ገብቷታል ብዬ አደነቅኳት።

እዚያ ሲደርሱ የሚያወሩት ስለ ኮሌታ ነበር። ከጫፍ ወደ መሐል ነው የሚተኮሰው እንጂ ከመሐል ወደ ጫፍ አይደለም፤ መጀመሪያ በውስጥ በኩል፣ ከዚያ በውጭ። እሱ ፋሻውን አስሮ ከጨረሰ በኋላም አንጓዋን ይዞ ያዳምጣት ነበር። የልብ ምቷን የሚቆጥር መስሎኝ እንዳላዛባበት ትንፋሼን እይዛለሁ። አሁን ሳስበው፣ ሳይቆጥርም አልቀረ።

አንድ ቀን ጎዙን ሲያነሣ "ያምሻል?" አላት። አንቺ ብሎ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ቀጥ አለ። አክስቴ አንገቷ ድረስ ቀላች። እኔ በእሷ ፋንታ ተናደድኩ፤ ሰው በቆሰለ እጁ ላይ ደግሞ ይናቃል እንዴ? መንገድ ስንሻገር "ያ ሰውዬ ባለጌ ነው፤ አንቺ አለሽ" አልኳት።

"ሰምቻለሁ" አለችና የእኛን በር አልፋ ሄደች። እጅጌዋን ጎትቼ መመለስ ነበረብኝ።

ቁስሉ ግን አልድን አለ። አንድ ሰሞን ይጠግግና እንደገና ጥሬ ሥጋ ይሆናል። ትልቁ አጎቴ ይደውላል፣ አባቴ ስልኩን እየዘጋ ያጉረመርማል። "ይሄ ድሬሰር የሚሠራውን አያውቅም። በዚህ ጊዜ ስብራት እንኳ ይድናል።"

"ቁስል ጊዜ ይፈልጋል" ትላለች እናቴ ከጓዳ። እናቴ ሁልጊዜ ከጓዳ ነው የምትናገረው፤ ፊቷን ያየ ሰው የለም። ዛሬ ባየሁት ኖሮ እላለሁ።

ከዚያ ምስጢሩ ተገለጠልኝ። በተሰቀሉት ካፖርቶች መሐል ተደብቄ ስጫወት አክስቴ ገባችና ያልታጠበ ልብስ በታሰረበት ጥቅል ላይ ተቀመጠች። ፋሻውን ፈታች። ቁስሉ ቀጭን ቡናማ ቅርፊት ይዞ ነበር። ግራ ቀኝ አየችና ጥፍሯን ከቅርፊቱ ጠርዝ ሥር አስገብታ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ቀስ አድርጋ ላጠችው። ዓይኗ እንባ አቀረረ። መልሳ አሰረችውና ምንም እንዳልሆነ ሰው ወጥታ መተኮሷን ቀጠለች።

ካፖርቶቹ መሐል ደርቄ ቀረሁ። የጉልበቴን ቅርፊት ስልጥ እናቴ ስንት ጊዜ እጄን መታኛለች! አክስቴም እንደኔው መሆኗ ነው፤ እጇ አያርፍላትም፣ የሚመታት ሰው ደግሞ የለም። እኔ ካልጠበቅኳት ተወዛዋዡ ወንበር ለሌላ ሰው መሄዱ ነው ብዬ ሰጋሁ።

ዕድል ሆኖ በዚያው ሰሞን ድሬሰሩ ለክትባት ዘመቻ ገጠር ወጣ። በምትኩ አንዲት ነርስ ተቀምጣለች፤ አክስቴ ግን "የእሱን እጅ ለምጄዋለሁ፤ እስኪመለስ እጠብቃለሁ" ብላ አሻፈረኝ አለች። ሜዳው ለእኔ ቀረ። ጠዋት ገና ከመተኮሷ በፊት ሳሙና፣ የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ፣ ቫዝሊንና አዲስ ፋሻ ይዤ ፊቷ ቆምኩ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"እጅሽን አምጪ። ቅርፊቱን ስትልጪው አይቻለሁ።"

ካውያውን አስቀመጠች። "ማን ነገረሽ?"

"ካፖርት ውስጥ ነበርኩ። እምቢ ካልሽ ለአባዬ እናገራለሁ።"

ያኔ ያየሁትን ፊት ለብዙ ዓመት የእፍረት ፊት ነው ብዬ ይዤው ኖሬያለሁ። አክስቴ አባቴ ያለበትን ባንኮኒ አየች፣ መስኮቱን አየች፣ ከዚያ እጇን ዘረጋችልኝ። አጠብኩት፣ ቀባሁት፣ ጠቀለልኩት። በመጨረሻ ከአባቴ ሣጥን ያመጣኋትን ቁጥር ከፋሻው ቋጠሮ ጋር በመርፌ ቁልፍ ወጋኋት። "እንግዲህ ማንም አይከፍተውም" አልኳት። "ከከፈትሽው አውቃለሁ፤ መርፌውን የምሰካበት የራሴ መንገድ አለኝ።"

አክስቴ ቁጥሯን አገላብጣ አነበበችና ሳቅ ጀመራት፤ ሳቁ መሐል ላይ እንባ ሆነ። "የኔ ጆሮ ጠቢ" አለች፣ "እግዜር ያሳይሽ።" መረቀችኝ ብዬ አሜን አልኩ።

ጠዋት ጠዋት እከፍታለሁ፣ አጥባለሁ፣ ቀብቼ አሽጋለሁ። ያለ የሌለ ዘዴዋን ሞክራብኛለች። "እስቲ አንዴ ብቻ ልየው።" አይሆንም። "ማሳከኩ ገደለኝ እኮ!" የመዳን ምልክት ነው ብለዋል ጋሼ። እንቁላሌን ከአፌ ነጥዬ ለእሷ እሰጣለሁ፤ እስክትውጠው ቆሜ አያለሁ። "ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም" ይላሉ፤ የእኔ ግን በቃ። በሙያዬ ልናገርና፣ ካደረግኩት አንድም ስህተት የለበትም። የታጠበ፣ እርጥበቱ የተጠበቀ፣ የተሸፈነና ያልተነካካ ትንሽ ቃጠሎ ማንም ሳይለምነው ይድናል፤ ተማሪዎቼን ዛሬ የማስተምራቸው ይህንኑ ነው። ቡናማው ጠፍቶ ለስላሳ ሮዝ ቆዳ ወጣ። የእኔ ልብ ቅቤ ሲጠጣ አክስቴ ግን ትከሳ ጀመር።

አባቴ እጇን አይቶ "ተመስገን" አለ። ለቅዳሜ የአውቶቡስ ቦታ አስያዘላት። ከእናቴ ጓዳ ገንዳ ውስጥ አንድ ነገር በኃይል ሲወድቅ ተሰማ።

ድሬሰሩ ሐሙስ ዕለት ተመለሰ። እኔ ሐኪም ዘንድ ሳይሆን ለሽልማት የምንሄድ መስሎኝ ፊት ፊት እሮጣለሁ። እሱ ፀሐይ አጥቁሮት፣ ኮሌታው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱም ጫፍ እኩል ሆኖ ቆሟል። አክስቴ ኮሌታውን አየችና ዓይኗን ሰበረች። እሱ ፋሻው ላይ ያለችውን ቁጥር ሲያይ ግንባሩን ቋጠረ፣ ነቅሎም የሱሪው ኪስ ውስጥ ከተታት። ከዚያ ፋሻውን ፈታ።

አዲሱን ቆዳ በአውራ ጣቱ ቀስ ብሎ ዳሰሰ።

"ድኗል" አለ።

"ድኗል?" አለች አክስቴ።

"ድኗል።"

የሞተ ሰው አጠገብ የቆሙ ነው የሚመስሉት። "ቅዳሜ እሄዳለሁ" አለች እሷ። "ታላቅ ወንድሜ ዘንድ። ለብዙ ጊዜ ነው።"

"መልካም... መልካም መንገድ" አለና ወረንጦውን ከአንዱ ሳሕን ወደ ሌላው፣ ከሌላው ወደ መጀመሪያው አዛወረ። እኔን ያየኝ፣ ጎበዝ ያለኝ የለም። ልፋቴ ሁሉ ሜዳ ሊቀር ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ አፌ ቀደመኝ።

"እኔ ነኝ እኮ ያዳንኳት! አደራ ብለውኝ አልነበር? እሷማ ቅርፊቱን በጥፍሯ ትልጠው ነበር! ካፖርቶቹ ጋ ተደብቃ ስትልጠው አይቻለሁ! እኔ ነኝ ያሸግኩት!"

አክስቴ መሬት ተሰንጥቆ ቢውጣት የምትመርጥ ትመስል ነበር። ድሬሰሩ ወረንጦውን አስቀመጠ።

"ለምን?" አላት። ደግሞም እውነቱን ነው የጠየቃት፤ ያ ሰው ብልህ ነው ብዬ አላውቅም።

ያኔ ንዴቷ መጣ። ቀና ብላ፣ በዚያ በሚያቃጥል ምላሷ፣ "ቁስል የሌለው ሰው እዚህ ይገባል እንዴ?" አለችው።

ድሬሰሩ አሰበ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ደንብ ሁሉ በልቡ የሚያነብ ይመስል ነበር።

"አይገባም" አለ በመጨረሻ።

አክስቴ ተነሣች። በሩ ላይ ስንደርስ ከኋላችን ድምፁ መጣ። "እኔ ግን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እወጣለሁ።"

እኛ የሰዓት ጉዳይ አልጠየቅነውም፤ የእሱ የሥራ ሰዓት ምን ያገባናል ብዬ ገረመኝ። አክስቴ ግን ያለ ምንም ምክንያት ክንዴን ጨምድዳ ይዛ፣ ግራ ቀኝ ሳታይ መንገዱን አሻገረችኝ።

ያን ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ላውንደሪያችን ገባ። ጋዎኑን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ፣ ቁጥሩን ተቀብሎ፣ ከመተኮሻው ጠረጴዛ አቅጣጫ ዓይኑን ሳይነቅል ወጣ። "የተተኮሰ ጋዎን ነው ያመጣው" አለ አባቴ ተገርሞ። "ንጽሕና የሚወድ ሰው ነው።" አክስቴ ተቀብላ እንደገና ተኮሰችው። ከመሐል ይልቅ ጫፉ ላይ ብዙ ቆየች።

ዓርብ ማታ ልንዘጋ ስንል ተመልሶ መጣ። የአክስቴ ሻንጣ ታስሮ ከባንኮኒው ሥር ተቀምጧል። ድሬሰሩ አንዲት ቁጥር አስቀመጠ፤ አባቴ ጋዎኑን አውርዶ ሰጠው። ድሬሰሩ ግን አልሄደም። ከኪሱ ሁለተኛ ቁጥር አወጣ፣ በጣቱ ለስለስ አድርጎ አቀናትና ከአባቴ ፊት አኖራት። መርፌ ቁልፏ አሁንም ተሰክታባት ነበር።

አባቴ ቁጥሯን ይዞ በብረቶቹ መሐል ገባ። ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ፈለገ። ተመልሶ እንደገና ፈለገ። ላቡ መጣ፤ በዚያ ቤት ዕቃ ጠፍቶ አያውቅማ።

"በዚህ ቁጥር የተሰቀለ ነገር የለም" አለ።

"አልተሰቀለችም" አለ ድሬሰሩ። "ቆማለች።"

አባቴ የእሱን ዓይን ተከትሎ ዞረ። አክስቴ መስኮቱ ሥር ካውያውን ይዛ ቆማለች፤ ከካውያው እንፋሎት ይወጣል፣ ታች ጨርቅ የለም። አባቴ እሷን አየ፣ ሰውየውን አየ፣ ቁጥሯን አየ፤ በገዛ እጁ የጻፋት ናት።

ያን ጊዜ እናቴ ከጓዳ ወጣች። እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጥታ ከአባቴ ጀርባ የተለጠፈውን ጽሑፍ በጣቷ ነካችው። "ቁጥር ያመጣ ይወስዳል ያልከው አንተ ነህ።"

"ለወንድሜስ ምን ልበለው?" አለ አባቴ፣ ድምፁ የልጅ ሆኖ።

"ቁስሉ አመረቀዘ በለው" አለች አክስቴ።

እኔ የተረዳሁት ይህ ነው፦ ሰውየው ሥራዬን አልወደደውም፤ በእኔ ሕክምና ስላላመነ ታካሚዬን ወስዶ እንደገና ሊያክማት መጥቷል። ያ ሁሉ ድካሜ! "ድናለች እኮ!" ብዬ እዬዬውን አቀለጥኩት። "አትውሰዷት፣ ድናለች እኮ!" ሁሉም፣ አባቴ እንኳ ሳይቀር፣ ሲስቁ የባሰ አለቀስኩ። ተወዛዋዡ ወንበር ላይ ማን እንደተቀመጠ አላውቅም። ትልቁ አጎቴ ሠራተኛ ቀጥሮ፣ እስኪሞት ድረስ ስለ ደመወዟ ሲያማርር ኖረ።

ጋሽ ቀስ በቀስ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። ሞቱንም ቢሆን እንደ ልማዱ በዝግታ ነው የሞተው፤ አክስቴ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ኮሌታውን ስታቃና ነው ያለፈው። ከእሱ በኋላ ቤቱን ልትለቅ አልፈለገችም። ልጆቿ በስልክ ይጠይቋታል፤ እኔም እንደ ሰው ሥራ በዛብኝ እያልኩ እደውልላት ነበር እንጂ አልሄድም ነበር።

በቅርቡ ክፍሌ መጣች። የማንቆርቆሪያ እንፋሎት አንጓዋን ገርፏት፣ ከድሮው ጠባሳ አጠገብ ትንሽ ቆስላለች። አጠብኩላት፣ አሸግኩላት፣ ቤቷ እንዴት እንደምታጥበው ነገርኳትና በሳምንት አንዴ ብቅ በይ አልኳት። በማግሥቱ መጣች። ከነገ ወዲያም መጣች። ዕድሜዋ ነው፣ ስኳርም ይኖርባት ይሆናል ብዬ አስመረመርኳት፤ ምንም የለባትም። ቁስሏ ግን ይጠግግና እንደገና ጥሬ ይሆናል። የመጣች ዕለት ደግሞ ገላዋን ታጥባ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሳ ነው።

ትናንት ፋሻውን ስፈታ ከቅርፊቱ ጠርዝ ላይ ቀጭን፣ እንደ ጨረቃ የጎበጠ የጥፍር ምልክት አየሁ። ለረጅም ጊዜ አጎንብሼ ቆየሁ፤ ቀና ብል ታየኛለች።

"ዳነ እንዴ?" አለችኝ። ድምፅዋን አውቀዋለሁ፤ ያኔም በዚሁ ድምፅ ነው "ድኗል?" ያለችው።

"ሊድን ነው አክስቴ።"

"እንግዲያማ መምጣቴም ቀረ" አለች፣ ሳቅ ለማድረግ እየሞከረች። "ቁስል የሌለው ሰው እዚህ አይገባ።"

"አይገባም" አልኳት። "እኔ ግን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እወጣለሁ።"

ትኩር ብላ አየችኝ። ዓይኗ ሞላ። "ቁርጥ እሱን" አለች።

ፋሻውን ቀስ አድርጌ ጠቀለልኩላት፣ እጅጌዋን አወረደችና ወጣች። ሥራዬን ጨርሼ ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ጫፍ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣ አገኘኋት። ፋሻዋን አልነካችውም ነበር።